ትእዛዝ ሲቋረጥ መቆም የሚያውቅ ሮቦት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ቅኔና ስለ ቡና ተክል ያሰሙአችሁ ንግግር የሚጥም ነበር። ከእነርሱ በኋላ ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ መስማት ይደርቅባችሁ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር። ነገር ግን የእኔ ነገር የሚጀምረው በዚሁ አዳራሽ ውስጥ በተሰባበረ ብርጭቆ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያውን እንኳ ሳትሰለቹ ትሰሙልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ዓመት የሳይንስ ቀን ሲከበር እዚህ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። የክበባችን ልጆች ከርካሽ ዕቃ የሠራናት ባለ አራት ጎማ ሮቦት በመድረኩ ግርጌ ወዲያና ወዲህ ትመላለስ ነበር። መሪዋ እኔ ነበርሁ። በእጄ የያዝሁት ስልክ በብሉቱዝ አንዳንድ ፊደል ይልክላታል፤ አንዱ ፊደል «ወደ ፊት» ማለት ነው፤ ሌላው «ወደ ግራ»፤ ሌላው «ቁሚ» ማለት ነው። በሮቦቷ ላይ ያለችው አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ፊደሉን ተቀብላ ሞተሮቹን ታዛለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እኔም ትንሽ ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

«ወደ ፊት» የሚለውን ፊደል እንደ ላክሁ እናቴ ደወለች። ስልኩም የእናቴን ጥሪ አወጣና እኔ የምነካካውን ገጽ ሸፈነው። ደንግጬ «ቁሚ» የሚለውን ብነካ፥ የነካሁት ለካ ጥሪውን መቀበያ ኖሯል፤ «ሃሎ፥ የት ነህ?» የሚል ድምፅ ከእጄ ይሰማል፤ ሮቦቷ ግን መሄዷን አልተወችም። ተመልካቾቹን አልፋ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የኬሚስትሪ ዕቃቸውን የደረደሩበትን ጠረጴዛ እግር መታች። ጠረጴዛውም አንድ እግሩ የላላ ስለ ነበረ ዘመመና ሦስት ጠርሙሶች ወድቀው ተሰባበሩ። አጠገቡ ቆማ ትመለከት የነበረች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እግሯን ስባሪው ቈረጣት። ቁስሉ ትልቅ አልነበረም፤ በፋሻ ታስሮ በሳምንቱ ዳነ። ይሁን እንጂ ነጭ ካልሲዋ ሲቀላ ባየሁ ጊዜ ያ ሁሉ ኩራት ከወዴት እንደ ገባ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር አሁን ያሳፍረኛል። መጀመሪያ «ስልኩ ነው» አልሁ። ቀጥዬ «ብሉቱዙ ነው» አልሁ። በመጨረሻም፥ ዛሬ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ የምትሰማኝ እናቴ ይቅር ትበለኝና፥ «እናቴ ስለ ደወለች ነው» አልሁ። የፊዚክስ መምህራችን ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙኝና፥

«እንግዲያው ትእዛዝ አልደረሳትም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን መምህር፤ አልደረሳትም።»

«ትእዛዝ ካልደረሳት ታዲያ በማን ትእዛዝ ሄደች?»

መልስ አልነበረኝም። ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጻፍሁትም «ፊደል ከመጣ ታዘዢ» ብዬ ነው እንጂ፥ «ፊደል ካልመጣስ ምን ታድርግ?» የሚለውን ከቶ አላሰብሁትም። ስለዚህ ፊደል በማይመጣበት ጊዜ ሮቦቷ የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደ ያዘች ትኖራለች። ነጂው ከጋሪው ላይ ቢወድቅ ፈረሱ መንገዱን ይቀጥላል፤ ፈረስ ግን ዓይን አለው፤ ገደል ሲያይ ይቆማል። የእኛዋ ዓይንም አልነበራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ አገር ያሉ፥ ከእኛዋ እጅግ የከበደ ሮቦት የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን ነገር እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁት ለማወቅ ማንበብ ያዝሁ። ሳነብም በአሜሪካ በተጀመረው በታላቁ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ውስጥ ያሉት ቡድኖች በሙሉ የሮቦታቸውን መቆጣጠሪያ በአዲስ ሊለውጡ በዝግጅት ላይ መሆናቸውን አገኘሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ለውጥ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ውድድሩን የሚያዘጋጀው ፈርስት የሚባል ድርጅት ነው። ያቋቋመው ዲን ኬመን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ሲሆን፥ ዘመኑም 1989 ነበር። የጨዋታውን መልክ በማውጣት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ዉዲ ፍላወርስ ረድተውታል። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሲደረግ የተገኙት 28 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከብዙ አገር የሚመጡ ከሦስት ሺህ በላይ ቡድኖች ይካፈሉበታል። በየዓመቱ በጥር ወር መጀመሪያ አዲስ ጨዋታ ይታወጃል፤ ቡድኖቹም ለዚያ ጨዋታ የሚሆን ሮቦት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሠራሉ። በአንድ ግጥሚያ ሦስት ሮቦቶች ከሦስት ሮቦቶች ጋር ይጋጠማሉ፤ ግጥሚያውም ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል።

እነዚህ ሮቦቶች እንደ እኛዋ በአንድ እጅ የሚነሡ አይደሉም። ብዙዎቹ ያለ ባትሪያቸው 50 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተሸክመው ሰው ከሚሮጠው ባላነሰ ፍጥነት ይሮጣሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ትእዛዝ ተቋርጦበት የጠረጴዛ እግር ቢመታ ጉዳቱ በሦስት ጠርሙስ አያበቃም። ስለዚህ በዚህ ውድድር ውስጥ ክንዱንም፥ ጎማውንም፥ ፕሮግራሙንም እያንዳንዱ ቡድን እንደ ፈቃዱ ሲሠራ፥ መቆጣጠሪያው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ሕግ ተደርጓል። የሜዳው ኀላፊ በአንድ ጊዜ ስድስቱንም ለማስቆም የሚችለው ስድስቱም አንድ ቋንቋ ሲሰሙ ነውና።

ይህ መቆጣጠሪያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። ከ2000 እስከ 2008 ያገለገለው ኢኖቬሽን ፈርስት የተባለ ኩባንያ የሠራው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በውስጡ የነበረችው ቤዚክ ስታምፕ የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ስትሆን፥ ተማሪው ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥባት ቦታ 26 ባይት ብቻ ነበረች። 26 ባይት ማለት አንድ ሰው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በላቲን ፊደል ቢጽፍበት የሚሞላ ቦታ ነው። የእኛ አርዱዊኖ፥ ርካሽ እያልን የምንንቃት፥ 2,048 ባይት አላት! እነዚያ ተማሪዎች በዚያች ጠባብ ቦታ 50 ኪሎ ብረት ያስኬዱ ነበር፤ በ2003 ደግሞ ግጥሚያው ሲጀመር ለ15 ሴኮንድ የሰው እጅ ሳይነካው ሮቦቱ በራሱ ፕሮግራም ብቻ እንዲሄድ የሚያዝ ደንብ ሲጨመርባቸው ይህንኑ በዚያችው ቦታ ተወጡት። እኔ ይህን ካነበብሁ ወዲህ «ዕቃው አነሰን» የሚለውን ልቅሶ ትቻለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አልተዉትም።

በ2004 ሲ በሚባለው ቋንቋ የሚጻፍለት የተሻለ መቆጣጠሪያ መጣ። በ2009 ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ለፋብሪካ የሚሠራው ኮምፓክትሪዮ የሚባል ጠንካራ መሣሪያ ተተካ፤ ትእዛዙም በዋይፋይ መተላለፍ ጀመረ። በ2015 ያው ኩባንያ ለተማሪዎች ብሎ የሠራው ሮቦሪዮ የሚባለው መጣና እስከ 2026 ውድድር ድረስ ዘለቀ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘጠኝ ውድድር፥ ሁለተኛው ስድስት፥ ሦስተኛው ዐሥራ ሁለት ውድድር አገለገለ ማለት ነው። የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አራት ዓመት መሆኑን ስናስብ፥ በሮቦሪዮ ላይ ሦስት ትውልድ ተማሪ ገብቶ ወጥቷል።

አሁን ትእዛዙ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል፤ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። ነጂዎቹ ከሜዳው ውጭ፥ ብርሃን ከሚያሳልፍ ጠንካራ ግድግዳ በስተኋላ ይቆማሉ። በፊታቸው አንድ ላፕቶፕና ለቪዲዮ ጨዋታ እንደሚያገለግለው ያለ እጀታ አለ። ላፕቶፑ እጀታው ወዴት እንደ ተገፋ የሚናገር ትንሽ መልእክት በየ20 ሚሊሴኮንዱ፥ ማለት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይልካል። መልእክቱ በሽቦ ወደ ሜዳው መሣሪያ፥ ከዚያ በአየር በሮቦቱ ላይ ወዳለው ራዲዮ፥ ከራዲዮውም በሽቦ ወደ መቆጣጠሪያው ይደርሳል። መቆጣጠሪያውም ተማሪዎቹ በጻፉለት ፕሮግራም መሠረት ለእያንዳንዱ ሞተር የሚሰጠውን ኀይል ይወስናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የገረመኝ፥ ከእነዚህ መልእክቶች አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም መልሶ የማይልከው መሆኑ ነው። ለዘመድ የተላከ ደብዳቤ ቢጠፋ እንደገና እንጽፋለን። እዚህ ግን ከ20 ሚሊሴኮንድ በኋላ ሌላ ስለሚመጣ የጠፋው ይቅር ይባላል። ዘግይቶ የደረሰ ትእዛዝ ካልደረሰው የባሰ ነው፤ «ወደ ፊት» የተባለው መንገዱ ባዶ በነበረ ጊዜ ሲሆን፥ ሲደርስ ግን ሰው ቆሞበት ሊሆን ይችላልና። ይህን ስፍራ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እኔው ራሴ ወድቄበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር፥ እያንዳንዱ መልእክት «ወዴት ሂድ» ከሚለው ጋር «ለመንቀሳቀስ ተፈቅዶልሃል» ወይም «ታግደሃል» የሚለውንም ቃል ይዞ መምጣቱ ነው። ፈቃዱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚኖር አይደለም፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ መታደስ አለበት። መልእክቱ ለሴኮንድ ጥቂት ክፍል ከተቋረጠ መቆጣጠሪያው ራሱ ለሞተሮቹ የሚሄደውን ትእዛዝ ይቈርጣል። ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም «ሂድ፥ ሂድ» እያለ ቢጮህ እንኳ ይህን ውሳኔ ሊሽረው አይችልም። በሮቦቱ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት አለች፤ ሮቦቱ ኤሌክትሪክ ኖሮት ታግዶ ሲቆም ሳትጠፋ ትበራለች፤ መንቀሳቀስ ሲፈቀድለት ብልጭ ድርግም ትላለች። ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው ከሮቦቱ በፊት መብራቷን ያያል።

ነጂው አደጋ ያየ እንደ ሆነ በላፕቶፑ ላይ ከፊደሎቹ በታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ ይመታል፤ በሜዳውም ዳር ለዚሁ የተዘጋጀ ቀይ ቁልፍ አለ። በዚህ መንገድ የቆመ ሮቦት መቆጣጠሪያው እንደገና ካልተነሣ አይንቀሳቀስም። ይህ ሁሉ ባይሠራ በሮቦቱ አካል ላይ የባትሪውን ኀይል በሙሉ የሚያቋርጥ ዋና ማጥፊያ አለ። ባትሪውም በጣም ሲደክም፥ በሮቦሪዮ ዘመን ከ7 ቮልት በታች ሲወርድ፥ መቆጣጠሪያው ራሱ እንዳይሞት ብሎ ሞተሮቹን ያቆም ነበር። ጌታው ሲርበው መጀመሪያ እንግዳውን እንደሚያሰናብት ያለ ነው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በ2012 ተከፈለ። በዚያ ዓመት በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፥ የመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች በሚደረጉበትና አይንስታይን ተብሎ በተሰየመው ሜዳ ላይ፥ ሮቦቶች አንዱ ከአንዱ በኋላ ቀጥ እያሉ ይቀሩ ጀመር። ለወራት የደከሙ ልጆች እጀታውን ሲገፉ፥ ሮቦታቸው ሐውልት ሆኖ ይመለከታቸዋል። ድርጅቱ ነገሩን አስመርምሮ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ባወጣው መግለጫ፥ አንድ ሰው በስልኩ አማካይነት ወደ ሮቦቶቹ ዋይፋይ ለመግባት ሆን ብሎ እየሞከረ ግንኙነታቸውን ማቋረጡን አስታወቀ። ያም ብቻ አልነበረም፤ ከሮቦቶቹ አንዳንዶቹ የገዛ ራሳቸው ጉድለት ነበረባቸው። እነዚያ ቡድኖች ሁሉ በሰው ክፋት ብቻ ተሸነፍን ለማለት ምኞት ሳይኖራቸው አልቀረም፤ እኔ በጠርሙሱ ቀን የተመኘሁትን አውቃለሁና አልፈርድባቸውም።

ይህን ታሪክ ለአንድ የክበብ ጓደኛዬ ባወራለት፥ «አየህ፤ ትእዛዝ ሲቋረጥ የሚቆም ሮቦት ማንም ተንኰለኛ በስልክ ያሸንፈዋል። የእኛዋ ብትሆን ኖሮ መሄዷን ትቀጥል ነበር» አለኝ። ክርክሩ ሞኝነት አይደለም፤ አንድ ማታ ሙሉ አስቦኛል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ስድስት ከባድ ሮቦቶች ነበሩ። ግንኙነታቸው ሲቋረጥ ሁሉም እንደ እኛዋ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ቢቀጥሉ ኖሮ፥ ድርጅቱ ያን በጋ የሚመረምረው ስለ ጠፋ ዋንጫ ባልሆነም ነበር። ዋንጫ የጠፋበት ልጅ ያለቅሳል፤ ቢሆንም በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። መድኀኒቱም መቆሙን ማስቀረት ሳይሆን ግንኙነቱን ማጠንከር ነው፤ ከዚያ ወዲህም የሚደረገው ይኸው ነው። በ2025 ውድድር እንኳ አዲስ ራዲዮ ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ለውጥ እንምጣ። ሮቦሪዮን እንዲተካ የተመረጠው ሲስተምኮር የሚባል መቆጣጠሪያ ነው። የሚሠራውም ላይምላይት የተባለ፥ ከዚህ በፊት ለሮቦት ዓይን የሚሆን ካሜራ በመሥራት በነዚሁ ቡድኖች ዘንድ የታወቀ ኩባንያ ነው። በዕቅዱ መሠረት ሥራ የሚጀምረው በ2027 ውድድር ነው። በውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ከራስቤሪ ፓይ ዘር ነው፤ ይህም በብዙ አገር ያሉ ተማሪዎች በርካሽ ገዝተው የሚማሩበት የታወቀ ሰሌዳ ነው። ከዚህም ጋር በትንንሽ ሮቦቶች የሚወዳደሩት፥ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በሚባለው ክፍል ያሉት ተማሪዎችም ወደዚሁ መቆጣጠሪያ እንዲዞሩ ታስቧል። እስካሁን ሁለቱ ክፍሎች የተለያየ መሣሪያ ይዘው ስለ ቆዩ፥ ከትንሹ ወደ ትልቁ ያደገ ልጅ ብዙ ነገር እንደ አዲስ ይማር ነበር።

ይህን የሚያማርር ሰው አይጠፋም። በመደርደሪያው ላይ አራት አምስት ሮቦሪዮ የደረደረ ቡድን ዕቃው ለውድድር የማይሆን ሊሆንበት ነው። በሮቦሪዮ ላይ ሦስት ዓመት የሠለጠነ ተማሪ በአራተኛው ዓመት፥ ታላቅ ሊባል ሲል፥ ከታናናሾቹ እኩል ጀማሪ ይሆናል። የዚህን ልጅ ቅሬታ እኔ በደንብ እረዳዋለሁ። ሆኖም የሚጠፋበት ዕውቀት ያሰበውን ያህል አይደለም ባይ ነኝ። የዉስተር ፖሊቴክኒክ ተቋም ስሙን የሰጠው ደብሊው ፒ አይ ሊብ የሚባል፥ ማንም በነፃ ወስዶ የሚሠራበት የፕሮግራም ስብስብ አለ፤ ቡድኖቹ በጃቫም፥ በሲ ፕላስ ፕላስም፥ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በፓይተንም ሲጽፉ በዚህ ላይ ተደግፈው ነው። መቆጣጠሪያው ሲለወጥ ይህ ስብስብ ታርሞና ታድሶ ይከተለዋል። ሞተሩ፥ ባትሪውና የሒሳቡ ሕግ ደግሞ ምንም አዋጅ አልወጣባቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትእዛዝ ሲቋረጥ ማቆም በእነዚያ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ከተማሪው ፕሮግራም በታች፥ ተማሪው በማይደርስበት ስፍራ ተቀብሯል። ይህ ለደኅንነት መልካም ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ በሌሊት እየጻፈ የሚሳሳተው ስሕተት ሰው እንዳይገድል ይጠብቃል። ነገር ግን ልጁ ሮቦቱ ለምን እንደሚቆም ሳያውቅ አራት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ኮሌጅ ገብቶ ወይም ተቀጥሮ፥ ማንም ምንም ያልቀበረለትን መሣሪያ በእጁ ሲያገኝ፥ እንደ እኔ «ፊደል ከመጣ ታዘዢ» ብሎ ይጽፋል። ደግነቱ በተማሪው እጅ የተተወ አንድ ጥበቃም አለ። በዚያው ስብስብ ውስጥ፥ ፕሮግራሙ ለሞተሩ የሚሰጠውን ቃል ለሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ካላደሰ ሞተሩን የሚያቆም መሣሪያ ተጽፏል። ብዙ ጀማሪዎች ሮቦታቸው ሲንቀጠቀጥ ያዩና የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ ሳያነቡ ያጠፉታል ይባላል። በ2027 አዲሱን መቆጣጠሪያ ለታናናሾቹ የሚያስተምር ተማሪ ሁሉ ሽቦው የት እንደሚሰካ ከማሳየቱ በፊት ሮቦቱን አስነሥቶ፥ ላፕቶፑን ዘግቶ፥ የሚሆነውን ቢያሳያቸው እመኛለሁ።

ስለ እኛዋ ሮቦት ልናገርና ልጨርስ። እኛ ከእነዚያ መቆጣጠሪያዎች አንዱም የለንም፤ ያለን አርዱዊኖና የአንድ ተማሪ አሮጌ ስልክ ነው። ነገር ግን ሕጉን ለመውሰድ ዕቃውን መግዛት አላስፈለገንም። በመጀመሪያ ስልኩ አንድ ጊዜ ልኮ ዝም ከማለት ይልቅ፥ ጣቴ ገጹን እስከ ነካ ድረስ ያንኑ ፊደል በሴኮንድ ዐሥር ጊዜ እንዲልክ አደረግነው። ቀጥለን አርዱዊኖዋ የመጨረሻው ፊደል የደረሰበትን ጊዜ እንድትመዘግብና 300 ሚሊሴኮንድ ያለ ፊደል ካለፈ አራቱንም ሞተሮች እንድታቆም ጻፍን። ጽሑፉ ከስድስት መስመር አይበልጥም። ስድስት መስመር! ለዚያች ልጅ እግር የጎደለው ይህን ያህል ነበር።

በግቢው ውስጥ ፈተናት፤ ስልኩን ሳጠፋ ቆመች፤ ደስ አለን። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነገር ታየ። ስልኩ ከሩቅ ሆኖ ግንኙነቱ ሲደክም ሮቦቷ ትቆምና፥ ሲመለስ ማንም ሳያዛት ብድግ ብላ ትሮጣለች። ሦስት ቀን ፈለግነው። ምክንያቱ አስቀድሜ ልብ በሉልኝ ያልኋችሁ ነበር። ብሉቱዙ እንደ ደብዳቤ አመላላሽ ነው፤ ያልደረሰውን ፊደል አይጥልም፤ አስቀምጦ ግንኙነቱ ሲመለስ በአንድነት ያመጣዋል። ስለዚህ ሮቦቷ የምትታዘዘው ያለፈውን ትእዛዝ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ከቆመች በኋላ የደረሱትን ፊደሎች ሁሉ ትጥላለች፤ ከመሪው «ተነሺ» የሚል ልዩ ፊደል እስኪመጣም ድረስ አትንቀሳቀስም። አሜሪካውያኑ መልእክት ሲጠፋ ለምን እንደማይመልሱት የገባኝ ያኔ ነው።

ሰኔ ሲደርስ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ፕሮግራሙ እስከ ባለፈው ወር ድረስ በእኔ ጭንቅላትና በእኔ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበረ፤ ይህም ሌላው ጥፋቴ ነው። አሁን በአማርኛ ማብራሪያ እየተጻፈበት በክበቡ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ደብተሩ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከእኛ በኋላ ያሉት ሌላ ሰሌዳ ቢያገኙ ጽሑፉ አይሠራላቸው ይሆናል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረው የመምህራችን ጥያቄ ግን ለየትኛውም ሰሌዳ ይሆናል።

እግሯ ተቈርጦ የነበረችው ተማሪ ዛሬ ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ በዚህ ዓመት መጀመሪያ «እስቲ ያን ነገር አሳዩኝ» ብላ መጥታ የክበባችን አባል ሆናለች። የሁለተኛውን ጥፋት ምክንያት ያገኘችው እርሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህ ስብሰባ ሲያበቃ ሮቦቷን በአዳራሹ በር ፊት ለፊት የምትነዳት እርሷ ናት። በሲሚንቶው ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር አለ። ከእናንተ የፈለገ ሰው ቀርቦ ሮቦቷ ወደ መስመሩ ስትሮጥ ስልኩን ከእጇ ይቀማትና ያጥፋው። እስካሁን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክረን ዐሥራ ዘጠኙንም ጊዜ መስመሩን ሳታልፍ ቆማለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ የፊት ጎማዋ ኖራውን ነካ፤ ያን ቀን መሬቱ እርጥብ ነበር። እናቴም ከፈቀደች በዚያ ሰዓት ትደውልልን።